ሳይበር-ፊዚካል ሲስተምስ ኢንጂነሪንግን ለመማር፦ ከ12ኛ ክፍል እስከ መመረቂያ ፕሮጀክት

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። እናቴ የቧንቧው ድምፅ ሲቀሰቅሳት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣና ፓምፑን ታስነሳለች። ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ እስኪሞላ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ሞልቶ ሲፈስ ስትሰማ ታጠፋዋለች። የሁለተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል ተማሪ ሳለሁ "እማ፣ ይሄን እኔ አውቶማቲክ አደርግልሻለሁ" አልኳት። በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። በትክክል እስኪሠራ ስምንት ወር ፈጀብኝ።

በዚያ ስምንት ወር የተማርኩት ነገር ስም እንዳለው ያወቅኩት ቆይቶ ነው። ሳይበር-ፊዚካል ሲስተምስ ይባላል፤ ባጭሩ ሲፒኤስ። ስያሜው የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. አካባቢ በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ትሠራ በነበረችው በሄለን ጊል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሴንሰር ይለካል። ኮድ ይወስናል። ሞተር ወይም ቫልቭ ይፈጽማል። የተፈጸመው ነገር ተመልሶ ይለካል። ይህ ቀለበት ሌት ተቀን ሳይቆም ይዞራል። የአውሮፕላን ኦቶፓይለት እንዲህ ነው። የሆስፒታል መተንፈሻ ማሽንም እንዲሁ። የሕዳሴው ግድብ ጄኔሬተሮች የመብራቱን ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ላይ ይዘው እንዲቆዩ የሚያደርገውም ይኸው ቀለበት ነው።

ከተራ ሶፍትዌር የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ድረ ገጽ ቢበላሽ ሪፍሬሽ አድርጋችሁ ትቀጥላላችሁ። እዚህ ግን ኮዱ ከተሳሳተ የተቃጠለው ፓምፕ ተቃጥሎ ይቀራል፤ የፈሰሰው ውሃም አይታፈስም። ይህን ትምህርት ልትመርጡ ካሰባችሁ፣ ወይም ሌላ ዲፓርትመንት ገብታችሁም ወደዚህ ማዘንበል ከፈለጋችሁ፣ እኔ ብጀምረው ኖሮ በዚህ ቅደም ተከተል ነበር የምሄደው።

1. ስሙን ሳይሆን ኮርሶቹን ምረጡ

በዩኒቨርሲቲ ምርጫ ዝርዝራችሁ ላይ "ሳይበር-ፊዚካል ሲስተምስ" የሚል ስም ካጣችሁ አትደንግጡ። ውጭ አገርም ቢሆን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ይህን ስም የያዘ ፕሮግራም ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በማስተርስ ነው፣ አለበለዚያ በኤሌክትሪካል ወይም በኮምፒውተር ሳይንስ ሥር እንደ ስትሪም (የዲፓርትመንቱ ንዑስ ዘርፍ) ይሰጣል።

ስለዚህ ዲፓርትመንት ስትመርጡ ሥርዓተ ትምህርቱን አግኙና አራት ነገር ፈልጉበት። የኮንትሮል (ማሽንን በዚያ ቀለበት የመቆጣጠር) ኮርስ አለ ወይ? የማይክሮኮንትሮለር (ማሽን ውስጥ ገብቶ የሚቆጣጠር ባለ አንድ ቺፕ ትንሽ ኮምፒውተር) ወይም የኢምቤድድ ሲስተም (በእሱ የሚሠራ ሲስተም) ኮርስ አለ ወይ? የኮምፒውተር ኔትወርክስ? ሲግናልና ሲስተም? አራቱም ካሉ ቤታችሁ ነው። በአገራችን ለዚህ ቅርቡ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ነው፤ በተለይ የኮንትሮልና የኮምፒውተር ስትሪሞቹ። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮመካኒካል ኢንጂነሪንግም ጥሩ ምርጫ ነው፤ ማሽኑንና ኤሌክትሪኩን አንድ ላይ ያስይዛችኋልና። ሜካትሮኒክስ የሚባል ካገኛችሁም ያው ነው።

ሶፍትዌር ወይም ሜካኒካል የደረሳችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የሶፍትዌሩ ተማሪ ፊዚክሱንና ሰርኪዩቱን በራሱ ጊዜ መሙላት አለበት። የሜካኒካሉ ደግሞ ኮዱን። እውነቱን ለመናገር የሁለተኛው መንገድ ይቀላል። ኮድ ላፕቶፕ ላይ ብቻችሁን ትለማመዱታላችሁ፤ ሞተርና ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ግን ላብ ይፈልጋሉ።

2. ሒሳቡን እንደ ቋንቋ ያዙት

ፍሬሽማን ላይ ካልኩለስ "ለማለፍ" የሚሸመደድ ኮርስ ነው ብለው የሚነግሯችሁ ሲኒየሮች አይጠፉም። አትስሟቸው። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ማለት "ይህ ነገር ከአሁኑ ሁኔታው ተነስቶ ወዴት ይሄዳል?" የሚል ጥያቄ ነው። ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ከፍታ የሚለወጠው በሚገባውና በሚወጣው ውሃ ልዩነት ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር በሒሳብ መጻፍ ከቻላችሁ የሲፒኤስን ግማሽ ይዛችኋል።

ቅድሚያ የምሰጠው እንዲህ ነው፦ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ቀጥሎ ፕሮባቢሊቲ። የመጨረሻውን ብዙ ተማሪ ይንቀዋል። ሴንሰር ግን ሁልጊዜ ትንሽ ይዋሻል። ምን ያህል እንደሚዋሽ የምትናገሩት በፕሮባቢሊቲ ነው።

አንድ ልማድ ልጨምር። እያንዳንዱን የቤት ሥራ በእጅ ከሠራችሁ በኋላ በፓይተን ቋንቋ ወይም በኦክታቭ የሒሳብ ሶፍትዌር ግራፉን ሳሉት። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ማትላብ (የሚከፈልበት ተመሳሳይ ሶፍትዌር) ካላችሁ ደግሞ እሰየው፣ ከሌላችሁ ግን ምንም አይጎድልባችሁም።

3. ኮድ ስትማሩ ከሲ ጀምሩ፣ ቁጥሮችንም ጠርጥሩ

ፓይተን ደስ ይላል። ለግራፍና ለመረጃ ተጠቀሙበት። ትንንሾቹ ማሽኖች ውስጥ ግን ዛሬም የነገሠው ሲ ቋንቋ ነው። ሜሞሪ ምን ያህል እንደሚበላ፣ ቁጥር በስንት ቢት (0 ወይም 1 በሚይዝ ቦታ) እንደሚቀመጥ የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

ለምን ይጠቅማል? የእኔ የመጀመሪያ ፓምፕ መቆጣጠሪያ በትክክል ከ32 ሰከንድ በኋላ ያብድ ነበር። ሁለት ሳምንት ሽቦ ስፈትሽ ከረምኩ። ችግሩ ሽቦው ላይ አልነበረም። ሰዓቱን በሚሊሰከንድ እየቆጠርኩ "ኢንት" በሚባል የሙሉ ቁጥር ማስቀመጫ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። አርዱኢኖ ኡኖ በሚባለው የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳ ላይ ኢንት 16 ቢት ነው፤ ከ32,767 በላይ መያዝ አይችልም። ከዚያ ሲያልፍ ቁጥሩ ተገልብጦ ኔጌቲቭ ይሆናል። ኮዴም ጊዜው ወደ ኋላ የሄደ ይመስለዋል።

ይህ የተማሪ ስህተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰኔ 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ጉዞ በጀመረች በ37 ሰከንድ ገደማ ከመንገዷ ወጥታ ፈነዳች። መነሻው 64 ቢት የነበረን ቁጥር 16 ቢት ውስጥ ለማስገባት መሞከሩ ነበር። ኮዱ ከአሪያን 4 ተወስዶ የመጣ ነው፤ እዚያ በሰላም ሠርቷል። አዲሷ ሮኬት ግን ፈጣን ስለነበረች ቁጥሩ ከቦታው ተረፈ። ኮዱ ያው ነው፤ የተለወጠው አካሉ ነው።

4. የመካከለኞቹን ዓመታት ኮርሶች አያይዛችሁ ተማሩ

ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ሰርኪዩት፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ዲጂታል ሎጂክ፣ ሲግናልና ሲስተም በየፊናቸው ይመጣሉ። መምህሮቻቸውም ይለያያሉ፤ አንዱ ስለሌላው አያወራም። ማያያዙ የእናንተ ሥራ ነው። እኔ አንድ ደብተር ነበረኝ። በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ "ይሄ ሮቶው ላይ የት አለ?" እያልኩ አንድ መስመር እጽፍበት ነበር። መልስ ያጣሁለት ምዕራፍ ያልገባኝ ምዕራፍ ነው። ሳምፕሊንግ ሲባል፦ የውሃውን ከፍታ በደቂቃ ስንቴ ልለካ? ፊልተር ሲባል፦ ውሃው ሲንቦጫረቅ የሚዘለውን ቁጥር እንዴት ላለስልስ? እናንተም የራሳችሁን "ሮቶ" ምረጡ። የዶሮ እንቁላል ማስፈልፈያ ሊሆን ይችላል። የጓሮ ጎመን ማጠጫም ያስኬዳል።

5. በሁለት ባልዲ ሙሉ ሲስተም ሥሩ

እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርገው፤ ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው።

220 ቮልት ላይ አትጀምሩ። በፍጹም። ሁለት ባልዲ፣ አንድ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፓምፕ፣ አንድ ማይክሮኮንትሮለር፣ አንድ የአልትራሳውንድ ርቀት መለኪያና አንድ ሪሌ (በኮድ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) ይበቃችኋል። አዲስ አበባ ያላችሁ መርካቶን ዙሩ። ምናለሽ ተራ ያረጀ ፕሪንተር ካገኛችሁ ግዙት፤ ሞተር፣ ባለ ጥርስ ጎማ፣ የኃይል ምንጭ ከውስጡ ይወጣል። ብር ካጠራችሁ ደግሞ ዎክዊ የሚባል ሲሙሌተር አለ። አርዱኢኖንና ኢኤስፒ32 የሚባለውን ባለ ዋይፋይ ማይክሮኮንትሮለር በብሮውዘር ላይ ያስመስልላችኋል። የዶርም ዋይፋይ እስከቻለ ድረስ በእሱ መጀመር ይቻላል።

የታችኛው ባልዲ የምድር ታንከር ነው፤ የላይኛው ሮቶ። ሴንሰሩን ከላይኛው ባልዲ አፍ ላይ ቁልቁል አስሩት። ድምፅ ይልካል፣ ከውሃው ተጋጭቶ ሲመለስ ጊዜውን ይቆጥራል። የኢኤስፒ32 ተጠቃሚዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ተራው ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር የሚመልሰው ምልክት 5 ቮልት ነው፤ የእናንተ ቺፕ ደግሞ የሚችለው 3.3 ብቻ ነው። በሁለት ሬዚስተር፣ በ1 ኪሎኦምና በ2 ኪሎኦም፣ ከፋፍላችሁ አስገቡት። ካልሆነ ቺፑ ሲቃጠል ትምህርቱን ትወስዳላችሁ።

አሁን ቀላሉን ኮድ ጻፉ፦ ውሃው ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ፓምፑን አስነሳ፣ በላይ ከሆነ አጥፋ። አስነሱትና ተመልከቱ። 90 ሲደርስ ይጠፋል። ውሃው ይንቀሳቀሳል፣ ሴንሰሩ 89 ያነባል፣ ይነሳል። ደግሞ ይጠፋል። ሪሌው ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ እያለ ያብዳል። እውነተኛ ፓምፕ ቢሆን ሞተሩን በላችሁት። መፍትሔው ሁለት መስመር ማስመር ነው፦ ከ30 በመቶ በታች ሲወርድ አስነሳ፣ 95 ሲደርስ አጥፋ፣ በመካከል ያለህበትን ቀጥል። ሂስተሪሲስ ይባላል። በመማሪያ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ነው። የሪሌውን ቀጭ-ቀጭ በጆሮው የሰማ ተማሪ ግን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ከዚያ ሆን ብላችሁ አበላሹት። ይህን ክፍል ማንም መምህር ሲያዝ አላየሁም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ።

መብራት አጥፍታችሁ አብሩት። ፓምፑ በምን ሁኔታ ይነሳል? እኛ አገር መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነውን ያላሰበ ዲዛይን አንድ ሳምንት አይቆይም። የታችኛውን ባልዲ ባዶ አድርጉት። ፓምፑ ያለ ውሃ መዞሩን ይቀጥላል፤ እውነተኛው ፓምፕ እንዲህ ሲሆን ማሸጊያው ይቃጠላል። ስለዚህ "ለሁለት ደቂቃ ሠርቶ ከፍታው ካልጨመረ አጥፋ" የሚል ሕግ ጨምሩ። ሴንሰሩ ላይ ትንፋሻችሁን ተንፍሱበት። የእናቴ ሮቶ ላይ ንጋት ላይ እንፋሎቱ ሴንሰሩን ያረጥበውና ሞልቷል እያለ ያነብ ነበር። ውሃ የማይገባው ዓይነት ሴንሰር ገዛሁ። ያኛው ደግሞ በጣም የቀረበን ነገር ማየት አይችልም፤ 20 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ማለት ይፈልጋል። ከሮቶው አፍ ከፍ አድርጌ መስቀል ነበረብኝ።

ሙቀቱንም አስቡ። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፀሐይ የመታው ጥቁር ሮቶ ውስጥ 40 ዲግሪ ቢሆን ወደ 355 ይጠጋል። አንድ ሜትር ርቀት ላይ የሦስት ሴንቲሜትር ተኩል ስህተት ማለት ነው። ለውሃ ችግር የለውም። ለመድኃኒት መስጫ ማሽን ግን ያለው ይመስለኛል።

ወደ እውነተኛው ፓምፕ ስትሸጋገሩ የ220 ቮልቱን ገመድ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ኮንታክተር (ትልቅ ሞተር የሚችል ሪሌ) እና ብሬከር (ችግር ሲፈጠር መብራቱን የሚቆርጥ) ይግባበት። እዚያም አዲስ ነገር ይጠብቃችኋል፦ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ማይክሮኮንትሮለሩ ራሱን ያጠፋና ያበራል። ሞተር ሲነሳ የሚረጨው የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። የኃይል ምንጩን ለዩት፣ ገመዱን አራርቁት። ዎችዶግ የሚባለውንም ሰዓት አብሩት፤ ፕሮግራሙ ቢደርቅ ራሱ ቀስቅሶ ያስነሳዋል።

6. አንድ ዓይን ያለውን ሲስተም አትመኑ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት 2፡38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ስድስት ደቂቃ አልቆየም። ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ። ያን ቀን ብዙዎቻችን የት እንደነበርን እናስታውሳለን።

አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበር። ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበረው። ሥራው የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከመጠን በላይ ቀና ካለ ወደ ታች መግፋት ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ አፍንጫው ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ከሚለካ ሴንሰር ነው። አውሮፕላኑ እንዲህ ያለ ሴንሰር በግራና በቀኝ ሁለት አለው። ኤምካስ ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ያዳምጥ ነበር። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት እንዳወጣው የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲያነብ የቀኙ ከፍተኛ ንባብ 15.3 ነበር። ሶፍትዌሩ የተሳሳተውን ግራ አመነ። አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ከአምስት ወር ላነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የላየን ኤር አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ የወደቀበት ሰንሰለትም ተመሳሳይ ነበር።

ኋላ ላይ የተደረገው ማሻሻያ ምን እንደሆነ ስሙ። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ አይሠራም። ይህ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሚከብድ ሐሳብ አይደለም። ሁለት ቁጥር ማነጻጸር ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ ባልዲያችሁ ላይ ሁለተኛ መለኪያ ጨምሩ፤ ለምሳሌ ተንሳፋፊ ማብሪያ። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን በወረቀት ጻፉ። ለፓምፕ "አቁም" ማለት ደህና መልስ ነው። ለአውሮፕላን ሞተር "አቁም" መልስ አይሆንም። ለጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ሳጥን ማቆምም መቀጠልም ሁለቱም ሊገድሉ ይችላሉ፤ እዚያ ሰው መጥራት አለበት። የሚሰማ ደወል፣ በቀላሉ የሚነበብ መልእክት ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክታችሁ "ይሄ ቢበላሽ ማን ይጎዳል? የትኛው ሁኔታ ነው ደህናው?" የሚል አንድ ገጽ አስቀድማችሁ ጻፉ። ኮዱ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

7. ኮንትሮል ላይ ቆም በሉ

አራተኛ ዓመት ገደማ የኮንትሮል ኮርስ ይመጣል። ብዙ ሰው ሩት ሎከስ (ሲስተሙ መረጋጋቱን የሚያሳይ ሥዕል) በእስክሪብቶ ሲስል ከርሞ ለምን እንደሚስል ሳያውቅ ያልፋል። የእኔ ምክር አንድ ዲሲ ሞተር ይዛችሁ ፍጥነቱን በፒአይዲ፣ ማለትም በስህተቱ መጠን (ፒ)፣ በድምሩ (አይ) እና በለውጡ ፍጥነት (ዲ) ላይ ተመስርቶ በሚወስን ዘዴ፣ እንድትቆጣጠሩ ነው። ሦስቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ለውጡ። ፒውን ብቻ ስትጨምሩ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ትንሽ ይጎድለዋል። አይውን ስትጨምሩ ጉድለቱ ይሞላል፣ ግን አልፎ ይሄድና ይወዛወዛል። ዲው ውዝዋዜውን ያረጋጋል፣ የሴንሰሩን ጫጫታ ግን ያጎላል። ይህን በእጃችሁ ካያችሁ በኋላ ያ በእስክሪብቶ የተሳለው ሥዕል ማውራት ይጀምራል።

ፋብሪካ ውስጥ ይህ ሥራ የሚሠራው በፒኤልሲ (ለፋብሪካ በተሠራ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ነው። ላብ ውስጥ ካለ ተሻሙበት። ከሌለ ኦፕን ፒኤልሲ የሚባል ሶፍትዌር በነፃ አለ።

8. ጊዜና ደኅንነት

ሲፒኤስ ውስጥ ትክክለኛ መልስ ዘግይቶ ከመጣ የተሳሳተ መልስ ነው። በሰዓት 100 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የፍሬን ኮዱ በ100 ሚሊሰከንድ ከዘገየ መኪናው ሦስት ሜትር ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ሄዷል። የኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ስትወስዱ የሪልታይሙን (በተወሰነለት ጊዜ የግድ መልስ የመስጠትን) ክፍል አትዝለሉ። ፍሪአርቶስ የሚባለውን የሪልታይም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኢኤስፒ32 ላይ ጭናችሁ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ አሠሩት፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያስጠብቅ ለኩ።

ደኅንነቱን በተመለከተ ሁለት ታሪክ ብቻ ልንገራችሁ። በ2000 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ማሩቺ በምትባል አካባቢ፣ ቅር የተሰኘ የቀድሞ የኮንትራክተር ሠራተኛ የፍሳሽ ማስወገጃውን መቆጣጠሪያ በሬዲዮ እየገባበት 800,000 ሊትር ገደማ ፍሳሽ ወንዝና መናፈሻ ውስጥ ለቀቀ። በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ዩክሬን ውስጥ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ኮምፒውተር ተሰብሮ ወደ 225,000 የሚጠጉ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው። ሁለቱም ላይ የተጎዳው የኮምፒውተር ፋይል ብቻ አይደለም፤ ውሃና መብራት ነው። እናንተም ፓምፓችሁን ከስልካችሁ ስታገናኙ ፋብሪካው የሰጠውን ፓስዎርድ ቀይሩ። መልእክቱን አመስጥራችሁ ላኩ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ፓምፑ ብቻውን በትክክል መሥራት አለበት፤ ቀለበቱ በኔትወርክ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

9. ኢንተርንሺፕ ላይ ከቢሮ ውጡ

ሲሚንቶ፣ ቢራ፣ ስኳር፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች፣ አየር መንገዱ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎች፣ የሆስፒታል ባዮሜዲካል ክፍሎች ሁሉ ሲፒኤስ ናቸው። ስትገቡ ጥገና ክፍል መድቡኝ በሉ። ቢሮ ከገባችሁ ፎቶኮፒ ስታነሱ ወሩ ያልቃል።

እኔ የወጣሁበት ፋብሪካ ውስጥ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። አንድ ቀን ካቻቢቴ አነሱና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ትንሽ አዳመጡ። "ኩሽኔታው ሊሄድ ነው" አሉ። ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሞተሩ ቆመ። እሳቸው በጆሯቸው የሰሙትን ንዝረት የሚለካ ሴንሰር ያን ሞተር ላይ አልነበረም። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ርዕስ የተወለደው እዚያ ነው። የንዝረት ሴንሰር፣ የፍሪኩዌንሲ ትንተና፣ ማስጠንቀቂያ። ጋሼን ሳልጠይቅ ግን የቱን ድምፅ እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። ቴክኒሻኖችን አክብሩ፣ ጠይቁ፣ ጻፉ።

ኤግዚት ኤግዛሙንም (የመውጫ ፈተናውን) እንዳትረሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ እሱ መመረቅ የለም። የሚፈተነው የዲፓርትመንታችሁ ኮርስ ነው፤ ፕሮጀክት ይዟችሁ ጭልጥ ብላችሁ ከሄዳችሁ ቲዎሪው ይቀጣችኋል። በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ለእሱ ቆርጣችሁ አስቀምጡ።

10. ውጭ ለሚማሩ

አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ዲግሪው ኤቤት የሚባለው ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ ለኢንጂነርነት ፈቃድ በኋላ ይጠይቃችኋል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ መዛወር ወጪውን ብዙ ይቀንሳል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ካልኩለስና ፊዚክሱ ወደምትሄዱበት ዩኒቨርሲቲ እንደሚቆጠርላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ። ጀርመንን የምታስቡ የመጀመሪያ ዲግሪ ኢንጂነሪንግ በአብዛኛው በጀርመንኛ እንደሚሰጥ ከወዲሁ እወቁ። ለተማሪ ቪዛ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠው ገንዘብም በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ሆኖ ነበር። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ዲግሪ እዚህ በደንብ ጨርሼ ለማስተርስ እወጣለሁ። በሲፒኤስ ስም ያሉት ፕሮግራሞች የበዙት እዚያ ደረጃ ላይ ነውና።

11. የመመረቂያ ፕሮጀክት

ርዕስ ስትመርጡ አጥብቡት። "ስማርት ከተማ" አትበሉ። "የአንድ ክሊኒክ የክትባት ፍሪጅ መብራት ሲጠፋ ማስጠንቀቂያ የሚልክበት ዘዴ" በሉ። ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መለኪያው ግልጽ ነው፣ የሚጠቀመው ሰው ይታወቃል፣ ስህተቱም ያስጠይቃል። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ከሠራችሁ አንዱ ሥራው መስበር ብቻ ይሁን። ሽቦ ይንቀል፣ መብራት ያጥፋ፣ ሴንሰሩን ይሸፍን፣ የሆነውን ሁሉ በቀን በቀን ይመዝግብ። ያ መዝገብ ከሪፖርቱ ሁሉ የሚነበበው ክፍል ይሆናል፤ ሥራ ስትፈልጉም ከሲቪያችሁ ጋር አብራችሁ ያዙት። ኮዱን ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጡ፣ የሰርኪዩቱን ሥዕል ጨምሩበት።

የማቅረቢያው ቀን ሁሉም ተማሪ ሲስተሙ ሲሠራ ያሳያል። እናንተም አሳዩ። ከዚያ ከፈታኞቹ አንዱን ወደ ጠረጴዛው ጋብዙና የፈለጉትን ሽቦ እንዲነቅሉ ጠይቋቸው።